የማን መርዶ ነው?

እልኸኛ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ተናዝዤ ልገላገል፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነውና። በልጅነቴ አንድ ነገር አላደርግም ብዬ ከቆምኩ እናቴ ትታኝ ትሄድና ቆይታ ስትመለስ እዚያው ቦታ ቆሜ ታገኘኝ ነበር። ዱባይ ስሄድም ይኸው ጠባይ አብሮኝ ሄደ። አሠሪዬ የቀጠረችኝ ለቤት ሥራ ነበር፤ የቤተሰቡ ሹፌር ሲለቅ «እኔ እነዳለሁ» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳቀችብኝ። ሦስት ጊዜ ፈተና ወድቄ በአራተኛው መንጃ ፈቃዱን አምጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ልጆቿን ትምህርት ቤት ያመላለስኳቸው እኔ ነበርኩ።

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከስድስት ዓመት በኋላ አገሬ ገብቼ ሁለት ወር እንደተቀመጥኩ ነው። ያረፍኩት ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ነበር። የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ትቻት የሄድኩት ልጄ ሰሚራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። እናቴን «እማ» ትላታለች፤ እኔን ግን «መዲና» እያለች በስሜ ትጠራኛለች። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ግን ምን አፍ አለኝ? ደግሞም ልመለስ ነው። ቪዛዬ እየተሠራ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ እበራለሁ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ከእኔ ሌላ ያላት አንድ ልጅ ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ ነው፤ እሱም ሳውዲ ነው ያለው።

አንድ ሐሙስ ቀን የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ይማም ከአምባሰል ድረስ መጣ። እናቴ እኔ በሰላም ከገባሁ በትውልድ ቀዬዋ ዱዓ ላስደርግ ብላ ስለት ነበረባት።

«በጉ ተገዝቷል፣ ሰዉም ተጠርቷል» አላት። «ቅዳሜ ጧት እንነሳ። የሰው መኪናም አግኝቻለሁ፤ ሹፌርም አለው።»

«ሹፌር ለምን?» አልኩት። «እኔ ምን ልሁን?»

«መዲና፣ መንገዱ ከባድ ነው። አንች እረፊ፤ ከቤተሰብሽ ጋር ኋላ ተቀመጭ።»

መንጃ ፈቃዴን እዚህም አስቀይሬ ነበርና አውጥቼ አሳየሁት። ሊለምነኝ ሞከረ፤ አስቸገርኩት። በመጨረሻ እጁን አርገፍግፎ ተወኝ። ያኔ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር ንዴት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ውስጥ ገባን። እኔ መሪው ላይ፣ ጋሼ ይማም አጠገቤ፣ ከኋላ ደግሞ እናቴ፣ ሰሚራና ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ። እማማ ጥሩነሽ ከእናቴ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ክርስቲያን ናቸው። ክርስቲያን ጎረቤት ዱዓ ላይ መገኘቷ በእኛ አገር አይደንቅም። የደነቀኝ ጉልበታቸውን እያመማቸው ገበያ መውጣት እንኳ የተዉ ሴትዮ ተራራ ልውጣ ብለው መነሳታቸው ነው።

«እማማ፣ ጉልበትዎስ?» አልኳቸው።

«ለእናትሽ ብዬ ነው፤ ዝም ብለሽ ንጅ» አሉኝ።

ሐይቁ ጭጋጉን ገና ከላዩ እየገፈፈ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎች ታንኳቸውን ወደ ዳር እየሳቡ ነው። መንገድ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በገመድ ሰክተው የሚያሳዩትን ስታይ ሰሚራ «እንግዛ! እንግዛ!» አለች፤ «ስንመለስ» አልናት። ሰኔ ስለገባ መሬቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ ማሽላው ጉልበት ደርሷል። እኔ ደስ ብሎኛል። ዱባይ ስነዳ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንቅልፍ ነበር የሚታገለኝ። ይኼኛው መንገድ ግን አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ ከጋሪ፣ አንዴ ከከብት መንጋ ጋር ያጋፍጣል። ሰሚራ የየተራራውን ስም ትጠይቃለች፤ እናቴ ትነግራታለች። ጋሼ ይማም ግን እንኳን ሊያወራ ወደ ጎንም አላየም።

መንገድ ላይ እንዳለን እናቴ ስልኳን ስትፈልግ «እኔ ጋ ነው፤ ባትሪው ስላለቀ ቻርጅ ላደርግልሽ ወስጄው ነው» አላት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። መኪናው ቻርጀር ነበረው፤ ግን አልሰካውም።

ውጫሌ ስንደርስ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው እየጎረፈ ነው፤ ባጃጁም መንገዱን ሞልቶታል። ዳር ይዤ ልቆም ስል «እለፊ» አለኝ።

«ጫቱስ?»

«እዚያው አለ።»

«ስኳሩስ?»

«እዚያው አለ አልኩሽ እኮ! እለፊ!»

አለፍኩ፤ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ለዱዓ የሚሄድ ወሎዬ የውጫሌን ገበያ እያየ ጫት ሳይዝ አለፈ ቢባል ማን ያምናል? ያለ ጫት ዱዓ ማን አየ? ይህን እያሰብኩ በባጃጅ ተዘግቼ ስቆም አንድ ፎጣ የለበሰ ሰው ጋሼ ይማምን አውቆት እየሮጠ መጣና እጁን በመስኮት አስገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ከኋላ የተቀመጠችውን እናቴን አያት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እጁን መልሶ ወሰደና በፎጣው አፉን ሸፈነ። «አብሽሩ… አላህ ያጽናችሁ» ሊል ይሁን ሌላ ሊል አላውቅም፤ ጋሼ ይማም «ንጅ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እንግዲህ እኔ የዋህ አይደለሁም። ዐረብ አገር ላለ ሰው ዘመድ ሲሞትበት እንደማይነገረው የማያውቅ የለም። ሰውየው አገሩ ሲገባ ሰበብ ተፈልጎለት ዘመድ ወዳለበት ይወሰዳል፤ ጧት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞለት መርዶው ይነገረዋል። ይኸው ለእኔም ተሰናዳልኝ አልኩ በሆዴ። ማን እንደሆነም ገባኝ፤ አክስቴ ሀሊማ። እስከ አራተኛ ክፍል ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ አገናኙኝ ስላቸው «እዚያ ኔትወርክ የለም» ነበር መልሳቸው። ከመጣሁም በኋላ «እግሯን ስላመማት ነው ያልመጣች» አሉኝ። ሀሊማዬ ሞታለች ማለት ነው። እናቴም ሳትቀር አብራ ስትዋሸኝ ከርማለች ማለት ነው።

አስፋልቱን ትተን በጠጠሩ መንገድ ወደ አምባሰል ተራራ መውጣት ጀመርን። በቀኝ ገደል ነው፤ በግራ ቁልቋል የወረሰው ዐለት። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ንዴቴም አብሮኝ ይወጣ ጀመር። የሠላሳ ዓመት ሴት ነኝ። ቤተሰብ የማስተዳድር፣ መኪና የምነዳ ሴት ነኝ። ጭራሽ ወደ ራሴ መርዶ ራሴ እየነዳሁ ልትወስዱኝ? አናቱ ላይ ስንደርስ መንገዱ ሰፋ ብሎ ነበር። ቆምኩ። እጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቅዬ ጨበጥኩት።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

እማማ ጥሩነሽ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ።

«መዲና፣ ኧረ በአላህ! ምን ዓይነት ወሬ ነው?» አለ ጋሼ ይማም።

«እኔ ሕፃን አይደለሁም! መርዶ ነው የምትወስዱኝ። ሀሊማ ናት አይደል? ካልነገራችሁኝ ከዚህ አንዲት ጋት አልንቀሳቀስም!»

እናቴ ከኋላ ሆና ቀስ ብላ ተናገረች። «ሀሊማ? ሀሊማ ደኅና ናት፣ ልጄ። ትናንት በበቅሎ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥታ ደውላልኝ አናግሬያታለሁ።»

በስፖኪዮው አየኋት። እናቴ ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ዓይኗን ታርገበግባለች። አላርገበገበችም። ታዲያ ሀሊማ ደኅና ከሆነች ይህ ሁሉ መሸፋፈን ለማን ነው?

ጋሼ ይማም በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ዞሮ በእኔ በኩል መጣና «ውረጅ» አለኝ። ክንዴን ይዞ ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

«ያንች አይደለም» አለኝ በሹክሹክታ።

«የማን ነው?»

በዓይኑ ወደ መኪናው አመለከተኝ። «የእናትሽ ነው።»

«የእማ? ማን ነው የእማ?»

«እንድሪስ» አለ።

መጮኼን አላስታውስም፤ ልጮህ ስል ግን መዳፉ አፌ ላይ ነበር። «በአላህ ይዤሻለሁ! እንዳትጮሂ! እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ከሰማች እሷንም ነው የምናጣት። የደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። አባትሽ የሞተ ዕለት ወድቃ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን እንዳልገለጠች ረሳሽው? እዚያ እህቷ አለች፣ ሽማግሎቹ አሉ፣ የጤና ባለሙያውም መድኃኒቱን ይዞ ተቀምጧል።» ከዚያ ዕንባው ጺሙ ላይ እየወረደ ነገረኝ። የመኪና አደጋ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እዚያው ቀብረውታል። ጓደኞቹ የደወሉት ለእሱ ነበር።

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«አንችንም ከእሷ ጋር ልነግርሽ ነበር እኮ። ሰው ይዞሽ፣ ተቀምጠሽ። ለዚያ ነው ሹፌር ያመጣሁት። እኔ ካልነዳሁ ብለሽ ድርቅ ያልሽው አንች ነሽ።»

ይህን ሲለኝ ተናዶብኝ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው፤ አጥብቄ ስለጨበጥኩት ቆዳዬን ቀዶታል። ወንድሜ ሞቷል። እኔ ዱባይ ስሄድ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ ተሸክሞ የሸኘኝ፣ ጺም ያላወጣ ልጅ ነበር። እሱን የማለቅስበት ቦታ እንኳ የለኝም። ጋሼ ይማም መንዳት አይችልም። ብንቆም እናቴ ታውቃለች፤ ብንመለስም ታውቃለች።

«አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረን» አለኝ። «ትችያለሽ?»

ሻርቤን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነከስኩት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተነፈስኩ። ከመኪናው ኋላ የነበረውን ጀሪካን ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ።

«እችላለሁ» አልኩት።

ስንገባ ጋሼ ይማም «ሌሊት ሀሊማን በሕልሟ አይታት ነው አሉ፤ ቅዠት!» አለና ለመሳቅ ሞከረ። እናቴ «አላህ ኸይር ያድርገው» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሞተሩን አስነሳሁ።

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት ልንገራችሁ። ኩርባ ኩርባውን ብቻ ነው ያሰብኩት። ይህን ኩርባ ልለፍ እላለሁ፤ አልፋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ልለፍ እላለሁ፤ አልፋለሁ። እንድሪስ የሚለው ስም ወደ ጉሮሮዬ በመጣ ቁጥር ማርሽ እቀይራለሁ። ያን ቀን የቀየርኩትን ያህል ማርሽ በሕይወቴ ቀይሬ አላውቅም።

«መዲና፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለች ሰሚራ።

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

«አቧራ የለም እኮ! ሌሊት ዘንቧል።»

«ተያት፣ የኔ ሆድ» አለች እናቴ። «ትንዳበት።»

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰው በሁለቱም ዳር ቆሟል። ሌሊት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ውሃ ይዞ መጥቷል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይወርዳል። እግረኛው ከላይ በኩል ባለው የእንጨት ድልድይ እየተሻገረ ነው፤ መኪና ግን አንድም አላለፈም። ዱላ የያዙ አንድ አባት «ጧት ከዚህ ይብስ ነበር፤ እየጎደለ ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ደጋውን አየሁ። ጠቁሯል። እንደገና ከዘነበ እስከ ነገ አይታለፍም።

«በእግር እንሂድ ይሆን?» አለ ጋሼ ይማም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት አየነው። እናቴ ያን ወጥታ በሕይወት አትደርስም።

ዱላውን ከአባትየው ተቀበልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ ቋጠርኩና ውሃው ውስጥ ገባሁ። ከዳር ያሉት ወንዶች «ኧረ ሴትዮ ተይ!» አሉ። እየወጋሁ ሄድኩ። እዚህ ዐለት፣ እዚህ አሸዋ፣ እዚህ ጉድጓድ። ከጉልበቴ በላይ ይደርሳል፤ ከጭኔ ግን አያልፍም። በየት ገብቼ በየት እንደምወጣ በዓይኔ ያዝኩት። ቀዝቃዛው ውሃ ጠቀመኝ፤ ልቤም ረጋ አለ።

«ሁላችሁም በድልድዩ እለፉ፤ መኪናው ይቅለል» አልኳቸው። እማማ ጥሩነሽ ሰሚራን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። እናቴ ግን ከኋላ ወርዳ የፊተኛውን በር ከፈተችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኅቴ፣ ነይ እንጅ» አለ ጋሼ ይማም።

«እኔ ከመዲና ጋር ነኝ።»

«አደጋ አለው እኮ! ነይ በአላህ!»

«ይማም፣ ተወኝ ብዬሃለሁ!»

እልኬን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ አየሁ። በሩን ዘጋችው።

አራቱም ጎማ እንዲጎትት አራት በአራቱን አስገባሁ፤ በከባድ አንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ውሃ ውስጥ ትልቁ ነገር ነዳጁን እኩል አድርጎ መርገጥ ነው። እግር ከተነሳ ሞተሩ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣ አበቃ። ውሃው በሮቹን መምታት ጀመረ። የፊት ጎማ ዐለት ላይ ወጣ፣ ወረደ። መሃል ላይ ደረስን።

«መዲና» አለች እናቴ።

«አቤት፣ እማ።»

«እንድሪስ ነው፤ አይደል?»

ምን ልበላት? አይደለም ልል ፈለግኩ። ግን ዝም አልኩ። እግሬ ከነዳጁ ላይ ሲለቅ መኪናው ተንገጫገጨ።

«እግርሽን እንዳታነሽ!» አለች እናቴ።

በሕይወቷ መሪ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። ረገጥኩ። ሞተሩ አጓራና ጎተተን። የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩን ያዙ፣ የኋላዎቹም ተከተሉ። ወጣን።

ሌሎቹ ከድልድዩ ገና አልደረሱም። እናቴ ፊት ለፊት እያየች፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተናገረች።

«ጁምዓ ጁምዓ ይደውል ነበር። ሦስት ጁምዓ አልደወለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። ይማም ሐሙስ ሲመጣ በጉን ሲያወራ አፉ ደርቆ ነበር። አውቄያለሁ፣ ልጄ።»

«እማ…»

«አሁን አታልቅሽ። እዚህ ባለቅስ ማን ይይዘኛል? አንች መሪ ይዘሻል። ይማምም እንዳወቅሁ እንዳይሰማ። ሦስት ሳምንት ብቻውን ተሸክሞት ከርሟል፤ ሽማግሌ ሰብስቧል። እንደ ወጉ ይንገረኝ። አንች ብቻ አድርሽኝ።»

ጋሼ ይማም እየሮጠ ደርሶ በመስኮት «አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ!» አለ። እናቴ «ግባና እንሂድ፤ ሰው አታስጠብቅ» አለችው። የመጨረሻውን ዳገት ስወጣ ያለቀስኩት በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? እናቴ በምታየኝ በኩል ያለው ዓይኔ ደርቆ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሽማግሎቹ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከቤት ውስጥ ናቸው፤ አንድም ድምፅ አይሰማም። ሀሊማ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አርጅታለች፤ በሕይወት አለች። እናቴን አቅፋ አስገባቻትና አጎዛ ላይ አስቀመጠቻት። ሀሊማ በቀኝ፣ እማማ ጥሩነሽ በግራ ሆኑ። አንድ ሽማግሌ አጭር ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ጋሼ ይማም በጉልበቱ ተንበረከከና ሁለት እጆቿን ያዘ።

«እኅቴ፣ አላህ የሰጠንን ወሰደ። ሰብር አድርጊ» አላት።

እናቴ አየችው።

«የቱን?» አለችው።

ያላት ወንድ ልጅ አንድ ነው። ግን «የቱን?» ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ይማም ስሙን ሲጠራ ከእናቴ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው። አስመስላ አልነበረም። ወንዙ ላይ አውቃለሁ ያለችኝ ሴት አሁን ገና የሰማች ሆና ነበር የጮኸችው። ወደቀች፤ ሦስት ሴቶች ያዟት። የጤና ባለሙያው መድኃኒቱን ሰጣት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሀሊማ ስትደርስብኝ ብቻ ነው «እንድሪስ!» ብዬ የጮህኩት። ለስለት ነው የተባለው በግ ለሰደቃ ታረደ።

እናቴ ተረፈች። እኔም ዱባይ አልተመለስኩም። «ወንድሟ ስለሞተ ነው» ይላሉ፤ እሱም አለበት። ዋናው ግን እናቴን ያን መንገድ ሌላ ሰው ነድቶ ቢያደርሳት ኖሮ የሚለውን ሐሳብ መሸከም ስላቃተኝ ነው። ይዤው በመጣሁት ገንዘብ አንድ ያረጀ ላንድክሩዘር ገዛሁና ከውጫሌ ወደ ተራራው ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ወንዶቹ ሹፌሮች ይቀልዱብኝ ነበር፤ አሁን ወንዙ ሲሞላ በየት በኩል እንደሚታለፍ የሚጠይቁት እኔን ነው። ሰሚራ በስሜ መጥራቷን አልተወችም። አንዳንዴ ግን ሲረሳት «እማ» ትለኛለች፤ ከዚያ ታፍራለች። እኔም አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ።

መርዶ የሚያደርስ ቤተሰብ ሲኖርም እኔን ይፈልጉኛል። «መዲና ትችልበታለች» ይላሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደምችልበት አምኜ ነበር። እናቴን ያን ወንዝ ያሻገርኩ ጀግና ነበርኩ ለራሴ።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት እናቴ ምስር እየለቀመች አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠየቅኳት። «እማ፣ ወንዙ ላይ ታውቂ ነበር አይደል?»

እጇ ቆመ። «ሆዴ ያውቅ ነበር። ጆሮዬ አልሰማም ነበር።»

«አውቄያለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ያልኩሽማ አንች ዝም ካልሽ በኋላ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ የጠየቅሁሽ አይደለም እንድትይኝ ነበር።»

«አይደለም ብልሽ ታምኝኝ ነበር?»

«እስከ ቤቱ ደጃፍ አምንሽ ነበር። ግማሽ ሰዓት ልጅ ይኖረኝ ነበር።» ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ለመውቀስ አልነበረም የተናገረችው። ለእኔ ግን ከዚያ የከበደ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ «ለምን አልነገሩንም?» ብላችሁ ዘመዶቻችሁን የተቀየማችሁ ካላችሁ፣ እኔም ከእናንተ ባስኩ እንጂ አላነስኩም፤ ቁልፍ ነቅዬ ተራራ ላይ ያቆምኩ ነኝ። መርዶ ወሬ ማድረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወሬውማ ያለ መኪና፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ይደርሳል።

ባለፈው ሰሞን ከዐረብ አገር የመጣች አንዲት ወጣት አጎቶቿ ይዘዋት መኪናዬ ውስጥ ገባች፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ከአጎቶቿ አንዱ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ የሞተው አባቷ ነው። ዳገቱን ስንጀምር ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እኅቴ፣ የሆነ ነገር አለ አይደል? አንች ታውቂያለሽ» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጡት ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ።

ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ «እኔ ሹፌር ነኝ፤ የማውቀው መንገዱን ነው» አልኳት።

ከዚያ ትከሻዋ ወረደና ለአባቷ ካፖርት ገዝታ እንደመጣች ታወራልኝ ጀመር። «ብርድ አይችልም» አለችኝ። ከለሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቡናማ ነው፣ ውስጡ ገበር ያለው፣ ኪሱ ጥልቅ የሆነ። ስለ ኪሱ ደግሜ ጠየቅኳት፤ ደስ ብሏት ነገረችኝ። ያን ዳገት ከወትሮው ቀስ ብዬ ነዳሁት።